ቢጫው ፀጉር ቤት

ፕሮፌሰር ብለው የሚጠሯት አባቷ ናቸው እንጂ ዩኒቨርሲቲው አይደለም። ዩኒቨርሲቲው እስካሁን «ረዳት ተመራማሪ» ከማለት ፈቀቅ አላለም። አባትየው ግን ፀጉር አስተካካይ ናቸውና ማዕረጉን ገና ጥርሷን ሳትቀይር ሰጥተዋታል። «የዚችን ልጅ ጭንቅላት በእጄ ዳስሼ አይቼዋለሁ፤ ተራ ጭንቅላት አይደለም» እያሉ ለደንበኛ ሁሉ ሲያወሩ ኖሩ። አንገቱ ላይ ምላጭ የተቀመጠበት ደንበኛ ደግሞ ምን ብሎ ይከራከራል?

ነገሩ የቤቱ ሕግም ነበር። በዚያ ፀጉር ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ያዳምጣል፣ መቀስ የያዘ ይናገራል። ሕጉን ያወጡት አባትየውና ታላቅ ወንድማቸው ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ጎን ለጎን ሁለት ወንበር ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ መስታወት አዙረው፣ በደንበኛ ጭንቅላት ላይ ሲከራከሩ ነው ፀጉራቸው የሸበተው። ታላቅየው ካረፉ ወዲህ በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር ባዶውን ቀርቷል፤ ሰው ቢበዛ እንኳ ቆሞ ይጠብቃል እንጂ እዚያ ላይ አይቀመጥም።

የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻ ግን የፕሮፌሰር አፍ ነው። አንድ እሑድ ቤተሰቡ ምሳ ላይ ሳለ ደስታዋ አላስቀምጥ አላትና አወጣችው። «እርድ ውስጥ ያለው ቢጫ ንጥረ ነገር፣ ኩርኩሚን የሚባለው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያሳደግናቸውን የካንሰር ሴሎች ፈጃቸው!» አለች። ራስ ሳይጠና ጉተና የሚባለው ይኼው ነው። ሥራውን ገና አንዴ መሞከሯ ነበር፤ ደግማ ማየት፣ ሌላ ሰው እንዲያይላት ማድረግ፣ ከዚያም ዝም ብላ መቆየት ነበረባት። አባትየው ሹካቸውን አስቀመጡ። እናትየውን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ ደግመው እናትየውን አዩ።

«ብዬ አልነበር?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ፀጉር ቤቱ ፀጉር ቤት መሆኑ ቀረ። መስታወቱ ሥር፣ ከማበጠሪያዎቹ ጎን፣ በእርድ የተበጠበጠ ትኩስ ወተት የሞላ ፔርሙዝ ተተከለ። የመጣ ሁሉ አንድ ስኒ ሳይጠጣ ማሽኑ አይነሳለትም። ፎጣዎቹ ቢጫ ሆኑ፤ አንገት ላይ የሚታሰረው ነጭ ጨርቅ ቢጫ ሆነ፤ የአባትየው ጣቶችማ የተቀባ በር የነኩ ይመስሉ ነበር። ሽበታቸው እንደ ጥጥ የነጣ አንድ ጡረተኛ ዳኛ ሊስተካከሉ ገብተው ጆሮ ግንዳቸው ቢጫ ሆኖ ወጡ፤ ባለቤታቸው በዚህ ዕድሜ ፀጉር መቀባት ለማን ብለው ነው ብላ ሁለት ቀን አኮረፈቻቸው። ወሬ በማመላለስ «ራዲዮ» የሚል ስም የወጣለት የታክሲ ሾፌር ደግሞ ዜናውን ሰፈር ለሰፈር አዞረው። ጎረቤቱ ባለ ሱቅ አጋጣሚውን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል በር ላይ «በሳይንስ የተረጋገጠ እርድ እዚህ ይገኛል» የሚል ካርቶን ሰቀለ። ሳይንስ ማለት ፕሮፌሰር መሆኗ ነው።

ይህ ሁሉ ሳቅ ሆኖ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ አልቀረም። ታላቅየውን የገደላቸው የአንጀት ካንሰር ነው። ያን ጊዜ ያከሟቸው ሐኪም አባትየውን ለብቻ ጠርተው፣ «ወንድምዎን ያገኘ እርስዎንም ሊያገኝ ይችላል፤ ምንም ሳያምዎ አንጀትዎን በካሜራ ይታዩ» ብለዋቸዋል። አባትየው እሺ አሉ። እሺ እንዳሉም ቀሩ። አንዴ ሥራ በዛ፣ አንዴ ዝናብ ጣለ፣ አንዴ ቀጠሮው ከአንድ የቆየ ደንበኛ ልጅ ሠርግ ጋር ተጋጨ። እርዱ ከመጣ ወዲህ ግን ሰበብ መፈለግም አበቃ።

«ምን ሊያዩ?» አሉ አባትየው፣ ፕሮፌሰር አዲስ ቀጠሮ ይዛላቸው ስትመጣ። «ውስጤን በእርድ ለስኜዋለሁ። ካንሰር ቢመጣ የሚቆምበት ቦታ የለውም።»

ፕሮፌሰር ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ በማግስቱም የራሷን ሥራ እንደ ጠላት ሥራ ልትፈትሽ ላብራቶሪ ገባች። የሞቱትን ሴሎች የሚቆጥረው ማሽን ዓይን የለውም፤ የሚያየው ብርሃን ነው። ሴል ሲሞት እንዲያበራ የሚያደርግ ቀለም ይጨመርበታል፣ ማሽኑም የሚያበራውን ሁሉ ሟች ብሎ ይጽፋል። ፕሮፌሰር አንድ ነገር ጠረጠረችና ሴል የሚባል ነገር ያልገባበት ሳህን አዘጋጅታ የእርዱን ንጥረ ነገር ብቻ ጠብ አደረገችበት። ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና መዓት ሬሳ ቆጠረ። በሕይወት ያልነበረ ነገር እንዴት ይሞታል? እርዱ ራሱ በዚያ ብርሃን ሥር ያበራል፤ ማሽኑ ሲቆጥር የነበረው የእርዱን ብርሃን ጭምር ነው። ከተቆጠሩት ሟቾች የተወሰኑት በእርግጥ የሞቱ ናቸው፤ ስንቶቹ እንደሆኑ ግን እሷም አታውቅም። ፕሮፌሰር ወንበሯ ላይ ዝርግት ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ሲያልቅ አባቷ ትዝ አሏት።

ማታውኑ ወላጆቿ ቤት ሄደች። ስለ እርዱ ስትጀምር አባትየው በእንጀራ እናት ዓይን አዩዋት።

«አባዬ፣ ያ ያልኩህ ነገር ገና አልተጣራም። ቢጣራም እንኳ ሴሎቹ እርድ ውስጥ ተነክረው ነው የዋሉት። አንተ ስትበላው ግን አብዛኛው ወደ ደምህ ሳይገባ ያልፋል። ሳህን ላይማ በረኪናም ይገድላል።»

«ልጄ እርድ ካንሰር ይገድላል ብላለች።»

«ልጅህ እኔ ነኝ!»

«ያኔ ያለችው ልጄ ናት፤ የተማረች ናት። አንቺን አላውቅሽም።»

«አንተ ሰውዬ፣» አለች እናትየው ከወጥ ቤት፣ «ማንም ይበል ማን፣ የሶፋዬን ልብስ ማን ሊያነጣልኝ ነው?»

ቅዳሜ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ ፕሮፌሰር ገባች። ወሬው የተባዛው ሕዝብ ፊት አይደለም? ሕዝብ ፊት ይታረም ብላ ነው። ዳኛው ወንበር ላይ ነበሩ፣ ራዲዮ ስኒ ይዞ ቆሟል፣ ባለ ሱቁም ገበያውን ሊቃኝ ብቅ ብሏል። እሷ በሩ ሥር ቆማ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳች፤ ማሽኑን፣ ብርሃኑን፣ ባዶ ሳህን ውስጥ የተቆጠረውን ሬሳ።

«ታዲያ ውሸት ነው በይኛ!» አለ ራዲዮ።

«ውሸት አይደለም። አልታወቀም። ብዙ ሰው እየሠራበት ነው፤ አንድ ቀን ይጠቅማል ይባል ይሆናል። ዛሬ ግን እርድ ጠጥቻለሁና ካንሰር አይዘኝም የሚል ሰው ላም አለኝ በሰማይ እያለ ነው።»

«አልታወቀም» የሚለው ቃል ማንንም ደስ አላሰኘም። አዎ ብትል ይጨበጨብላታል፣ አይደለም ብትልም ይጨቃጨቋታል፤ አልታወቀም ምን ይደረጋል? ባለ ሱቁ «ካርቶኑን ልቀደው እንዴ?» ብሎ አጉተመተመ። አባትየው ሲቆርጡ ነበር፣ መቁረጣቸውን ቀጠሉ። ግን እጃቸው ስቶ የዳኛው ማጅራት ላይ ደረጃ የመሰለ ነገር አወጣ፤ በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። ከዚያ ጨርቁን አራገፉና መስታወቱን እያዩ «ቀጣይ» አሉ።

ፕሮፌሰር ወጣች። አባቷን በደንበኞቻቸው ፊት አሳፍራለች፤ ይህን ለማወቅ ምንም ማሽን አላስፈለጋትም። እውነቱን ተናግሬያለሁ እያለች ራሷን ልታጽናና ሞከረች፣ ግን አላጽናናትም።

በማግስቱ እናትየው ደወለች። «ትናንት ያልሽው ነገር ምንድን ነው? ይተዋል ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ በማንኪያ ይልሰው ጀመር!»

ይኼኔ ነው ነገሩ የከነከናት። አባቷ እርድ የሚጠጡት እሷን አምነው ከሆነ፣ እሷ ስትክድ መተው ነበረባቸው። እልኸኛ ናቸው እንዳይባል፣ ስለ ምላጭ ብራንድ እንኳ አንዴ ካስረዷቸው ሐሳባቸውን የሚቀይሩ ሰው ናቸው። እንግዲያው የያዙት እርዱን አይደለም፤ ከእርዱ ጀርባ ያለ ሌላ ነገር ነው።

ሰኞ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው። አባትየው ግን ሰኞም ይመጣሉ፤ መቀሶቻቸውን ዘይት ይቀባሉ፣ ማሽኑን ፈትተው ያጸዳሉ። ፕሮፌሰር እኩለ ቀን ላይ ስትገባ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ጎንበስ ብለው አገኘቻቸው። ያኔ ማጅራታቸውን አየችው። ፀጉር አስተካካይን ማን ያስተካክለዋል? እሳቸውን ሲያስተካክሉ የኖሩት ወንድማቸው ናቸው። ወንድምየው ካረፉ ወዲህ አባትየው በሁለት መስታወት መሃል ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ጠምዝዘው፣ በግምት ነው የሚቆርጡት። አይጥ የቀረጣጠፈችው ይመስላል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሳታየው መቅረቷ አሳፈራት።

ምንም ሳትል የመስኮቱን ወንበር ወደሳቸው አዞረችው።

«ተቀመጥ፣ ማጅራትህን ላስተካክልልህ።»

«አንቺ? መቀስ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«የአይጥ ሆድ ቀድጄ ሰፍቻለሁ፣ አባዬ።»

«ታዲያ እኔ አይጥ ነኝ?» አሉ፤ ግን ዓይናቸው ወንበሩ ላይ ነበር። ብዙ አዩት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ እንደሚሰበር ነገር፣ ተቀመጡበት።

ጨርቁን አሰረችላቸው፣ መቀሱን አነሳች። አሁን የቤቱ ሕግ ከእሷ ጋር ነው፤ እሷ ትናገራለች፣ እሳቸው ያዳምጣሉ። ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ ከቤት ስትወጣ ጀምሮ ስታጠናው ነው የመጣችው። አፏን ልትከፍት ስትል ግን በመስታወቱ ውስጥ ፊታቸውን አየችው። የሰባት ዓመት ልጅ ክትባት ሲጠብቅ የሚሆነውን ሆነዋል።

«እኔ ብዙ ተናግሬያለሁ» አለች። «ዛሬ መቀስ የያዘ ያዳምጥ። አንተ ንገረኝ።»

እሷ ትንሽ ትንሽ ቆረጠች።

«ወንድሜ ጋሼ በእግሩ ሄዶ ነው ሆስፒታል የገባው» አሉ በመጨረሻ፣ ለመስታወቱ። «እየቀለደ። ለሐኪሙ፣ ‹ካሜራው ፎቶ ሲያነሳኝ በደህና ወገኔ ይሁን› ብሏቸው። ያን ቀን እዚህ ወንበር ላይ ሁለት ሰው አስተካክሎ ነው የሄደው። ከወጣ በኋላ ያ ሰው አልተመለሰም። ሌላ ሰው ነው የመለሱልኝ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔም ባያዩት ኖሮ አይገኝበትም ነበር እላለሁ። አውቃለሁ፣ የቂል ሐሳብ ነው። ሌሊት ሌሊት ግን ቂል አይመስልም። አንቺ ያን ስለ እርዱ ስትይ፣ ተመስገን፣ በልጄ አፍ ምክንያት ተላከልኝ አልኩ። እኔ የፈለግኩት መድኃኒት አይደለም፣ ልጄ። የማልሄድበት ምክንያት ነው። ፈርቼ ነው።»

ፕሮፌሰር እንባዋ መጣ፤ እያለቀሰች መቁረጧን አላቆመችም፤ ይህ ስህተት ነበር።

«ጋሼ የሞተው ስላዩት አይደለም» አለች። «ዘግይቶ ስላሳየ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ደም እያየ ኪንታሮት ነው ሲል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። አንተ ደግሞ እስካሁን ምንም የለህም ይሆናል። እኔም እኮ ፈርቻለሁ፤ አንተ ብቻ ነህ የፈራህ መሰለህ? ባዶ ወንበር ሁለት እንዳይሆን ነው የምለምንህ።»

አባትየው ከጨርቁ ሥር እጃቸውን አወጡና መቀስ የያዘ እጇን ያዙት። ቢጫ ጣታቸው የእሷንም ቢጫ አደረገው።

«እሺ» አሉ። «ግን ከበሩ እንዳትርቂ።»

«አልርቅም።»

ከዚያ ሁለተኛውን መስታወት አነሱና ማጅራታቸውን አዩት። ጭንቅላታቸውን በግራም በቀኝም አዘንብለው ደግመው አዩት።

«መቼ ነው ቀጠሮው?» አሉ።

«በዚህ ሳምንት ይገኛል።»

«ነገ አይሆንም? ይህን ይዤ ሰው ፊት ከምቆም ሆስፒታል ተኝቼ ይሻለኛል።»

ምርመራው ዝግጅት አለው። ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ምግብ የለም፤ ጥሩ ውኃ ብቻ፣ ከዚያ ደግሞ አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት በሊትር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ ይኼ መድኃኒት ብቅልን ያስንቃል። እናትየው እንደተናገረችው ከሆነ አባትየው ያን ቀን ከመጸዳጃ ቤት ወጥተው ሳሎን ሳይደርሱ ይመለሱ ነበር፤ በሩን ከፍተው «ይኼን የፈጠረው ሰው እናት የለውም?» ሲሉም ጎረቤት ሰምቷል።

በቀጠሮው ቀን ፕሮፌሰር የምርመራ ክፍሉ በር ላይ ተቀመጠች። ገና አረፍ ከማለቷ ምርመራውን የምትሠራው ሐኪም ጓንቷን እያወለቀች ወጣች። ፕሮፌሰር ብድግ አለች።

«እርድ ያጠጣቸው ማን ነው?» አለች ሐኪሟ።

«እ?»

«የአንጀታቸው ግድግዳ ቀለም የተቀባ ክፍል ነው የሚመስለው። ዱቄቱ ተለጥፎበታል፤ ቢጫ እንጂ ሌላ ምንም አላየሁም። ቆይ፣ አንቺ የእርዷ ልጅ ነሽ እንዴ? ታክሲ ውስጥ አንድ ሾፌር ስላንቺ አውርቶኛል።»

ፕሮፌሰር መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አባትየው ሲነቁ ምንም አልካዱም። «ውኃ ብቻ ጠጡ አላችሁኝ፤ እርዱን የበጠበጥኩት በውኃ ነው» አሉ። «ለመጨረሻ ጊዜ ልሰናበተው ብዬ ነው።» ሐኪሟ ሳቋን እንደምንም አፍና አዲስ ቀጠሮ ሰጠች፤ እርድ በብዛት ሲወሰድ ደም ሊያቀጥን ስለሚችል እስከዚያ ድረስ ጨርሶ እንዳይነኩትም አስጠነቀቀቻቸው። አባትየውን ያስደነገጣቸው ያ አልነበረም። «ያን መድኃኒት እንደገና?» አሉ፣ ፊታቸው አመድ መስሎ።

እንደገና። እናትየው ፔርሙዙን ደበቀች፣ ባለ ሱቁ እርድ እንዳይሸጥላቸው ተማጸነች፤ አባትየው እንደገና ተቸገሩ፣ እንደገና ተሳደቡ፣ እንደገና ሄዱ።

በዚህኛው ጊዜ ሐኪሟ ቶሎ አልወጣችም። ፕሮፌሰር ኮሪደሩ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ አነበበች፤ እጅ ስለመታጠብ ያለውን ብዙ ጊዜ። ቶሎ መውጣቷ መጥፎ ከነበረ መዘግየቷ ጥሩ መሆን አለበት ብላ ራሷን ልታሳምን ሞከረች፤ እንዲህ ዓይነት ማስረጃ ተማሪ ቢያመጣላት በቀይ እስክሪብቶ ነበር የምትሰርዘው። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ።

«አንዲት ትርፍ ሥጋ አግኝተንባቸዋል» አለች ሐኪሟ። «የባቄላ ፍሬ ታክላለች። እዚያው ቆርጠን አውጥተናታል። ትመረመራለች፤ ግን እንደማየው ካንሰር አልሆነችም። ብትቆይ ኖሮ ልትሆን ትችል ነበር። በጊዜው ደርሳችኋል።»

ውጤቱም ሲመጣ እንዳለችው ሆነ። ፕሮፌሰር ግን ያን ዕለት እስከ ውጤቱ አልጠበቀችም፤ እዚያው ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፣ አፍንጫዋን እየጠረገች ገባች። አባቷ ማደንዘዣው ገና ሙሉ በሙሉ ሳይለቃቸው ሐኪሟን ይመረምሩ ነበር።

«በምን ቆረጥሽው? በመቀስ?»

«በሽቦ ቀለበት ነው፣ አባባ።»

«ጠርዙ ደረጃ አልሠራም?»

«አልሠራም።»

«ጎበዝ» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞረው፣ «አየሽ? እንዲህ ነው የሚቆረጠው።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፕሮፌሰር ከሥራ ስትመለስ በፀጉር ቤቱ አለፈች። ፎጣዎቹ አዲስ ነበሩ። በሩ ላይ ደርሳ ልትገባ ስትል የራዲዮን ድምፅ ሰማችና ቆመች።

«ቆይ ግን፣ በመጨረሻ እርዱ ካንሰር ይከላከላል ወይስ አይከላከልም? ሰው ይጠይቀኛል እኮ፣ ምን ልበል?»

አባትየው ማሽኑን አጠፉ።

«ልጄ አላውቅም ብላለች።»

«ይኼ ሁሉ ትምህርት ተምራ?»

«አዎ፣ ይኼ ሁሉ ትምህርት ተምራ!» አሉ አባትየው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ ፕሮፌሰር ያሏትን የመጀመሪያ ቀን በነፉት ልክ። «አላውቅም ለማለት ስንት ዓመት እንደፈጀባት ታውቃለህ? አንተማ አንድ ቀን ሳትማር ሁሉን ታውቃለህ። እሷ ስታውቅ ትነግረናለች። እኛ ደግሞ እስክትነግረን በሕይወት መቆየት አለብን፤ ስለዚህ ነገ ሂድና ታይ።»